ጆሮ የሌለው ደም

አቶ ዘርጋው እንግዳሰው በየወሩ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ደም መስጠት ከጀመሩ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንድ ቀን እንኳ አርፍደው አያውቁም። የሁለት ሺህ ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት አሥራ ዘጠኝም ከሌሎቹ የሚለይበት ምልክት አልነበረውም። ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከሕንፃ ሰባት ወጡ፤ የቀንድ ዘለበት ያለውን ቀበቷቸውን አጥብቀው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ በሚሄደው መንገድ ወደ ቁጥር አራት የለቀማ ጣቢያ አቀኑ። በዚያ ሰዓት በኮምቦልቻ የሚሰማው የጫማ ድምፅ ብቻ ነው። በጣቢያዎቹ ዙሪያ ብረት ከተከለከለ ወዲህ የቁልፍ መንሿሿት፣ የባልዲ መንቋቋት፣ የማጠፊያ መጮህ ቀርቷል፤ ልጆች እነዚህን ድምፆች የሚያውቁት አዛውንት በአፋቸው ሲያስመስሉላቸው ነው።

በጣቢያው መግቢያ ግድግዳ ላይ የእንጨት ችካሎች በተርታ ተሰክተዋል። ሰው ሁሉ መስቀሉን፣ ክታቡን፣ ጉትቻውን እዚያ አንጠልጥሎ ያልፋል። ማግኔት ብርና ወርቅ እንደማይስብ ያልተማረ እንኳ ያውቃል፤ ነገር ግን ዘበኛው ማዕድን ከማዕድን ለይ አልተባለም። በልጅነታቸው ዘመን ከነበረው ጦርነት የጥይት ስባሪ በገላቸው የቀረ ሰዎች በጀርባ በር ይገባሉ፤ ቁጥራቸው እየመነመነ ስለ ሄደ ያ በር አሁን የሚከፈተው በሳምንት አንድ ቀን ነው።

አቶ ዘርጋው የውስጡን ሥራ ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉበት ነው። ደሙ ከደቃቅ የብረት ብናኝ ጋር ይቀላቀላል፤ ብናኙ ጤነኛውን ሕዋስ እየተወ የነቀርሳውን ብቻ መርጦ እንዲጣበቅበት የተሰናዳ ነው። ከዚያ ከፀጉር በቀጠነ ቱቦ በማግኔቱ ፊት ያልፋል። ጤነኛው ደም ይፈስሳል፤ ብናኝ የተጣበቀበት ግን በቱቦው ግድግዳ ላይ ቀርቶ ይቆጠራል። ሠራተኞቹ ያንን የቀረውን «እንክርዳድ» ይሉታል፤ ሥራውንም «ለቀማ»። ከሺህ ኩንታል ጤፍ ውስጥ አንዲት እንክርዳድ እንደ መልቀም ነው፤ ማግኔቱም አያመልጠውም።

የዕለቱ ተረኛ ሲስተር ምንትዋብ የተባለች፣ ሥራ ከጀመረች ዓመት ያልሞላት ወጣት ነበረች። ደሙን ቀድታ ሄደች፤ አቶ ዘርጋውም እንደ ደንቡ ሩብ ሰዓት በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሩብ ሰዓቱ ሞልቶ ጥጡን ጥለው ሊነሡ ሲሉ ምንትዋብ ተመልሳ መጣች። አዲስ ቱቦ ይዛለች፤ ፈገግታዋም ከቅድሙ ሰፍቷል።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደምዎ ረግቶብን ነው። ትንሽ ብንደግምስ?»

አቶ ዘርጋው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ የሌላውን ክንዳቸውን እጅጌ ራሳቸው ጠቀለሉ።

«ይደገም እንጂ ልጄ። የጥቅምት ብርድ ያረጋዋል።»

ልጅቱ ሥራው ስለ ቀለለላት በረጅሙ ተነፈሰች።

በጣቢያው ደም አይረጋም። እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት አስቀድሞ በቱቦው ውስጥ መቀመጥ ከጀመረ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ እንኳ አልረጋም። ሁለተኛ ቱቦ የሚቀዳው በመጀመሪያው ውስጥ እንክርዳድ ተገኝቶ ማረጋገጫ ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ያንን ለባለደሙ መንገር ደግሞ ክልክል ነው። በሁለት ሺህ ስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት አንዲት ሴት ሁለተኛውን መርፌ አይታ ራሷን ከሳተች በኋላ፣ ለሠራተኛ በሚሰጠው መምሪያ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፤ «ደሙ ረግቷል በሉ፤ ፈገግ በሉ፤ ሌላ አትናገሩ።» የጻፉት አቶ ዘርጋው ነበሩ። በአገልግሎት ዘመናቸው ያንን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተናገሩት ቆጥረው አያውቁም። ሲነገራቸው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

በዚያ ዘመን ማንም ሰው የገዛ ደሙን ውጤት አይሰማም። አገሩ ድሮም ለታማሚ ሕመሙን የመንገር ልማድ አልነበረውም፤ ሐኪሙ ዘመድ ለብቻው ጠርቶ ይነግራል፤ ዘመድም ፊቱን አብሶ ገብቶ «ደህና ነህ ብለዋል» ይላል። ለቀማ ሲጀመር ይህ ልማድ ተረስቶ ውጤቱ በስልክ በቀጥታ ለባለቤቱ ይላክ ነበር፤ ስልኩን በእጁ እንደ ጨበጠ ብቻውን በቤቱ ወድቆ የሚገኘው ሰው ሲበዛ ግን ልማዱ ሕግ ሆኖ ተመለሰ። ሕጉ «ሰው ብቻውን አይስማ» ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው «ጆሮ» ያስመዘግባል። ጆሮ የተባለው ሰው በወር አንድ ጊዜ፣ እንደ መርዶ፣ ፀሐይ ሳትወጣ በጣቢያው ቀርቦ ይሰማል፤ አንዲት ጠርሙስ ተቀብሎም ለባለደሙ ያደርሳል። የሰማው ምንም ይሁን ምን የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ «ንጹሕ ነው» ይላል። ጠርሙሱም አንድ ዓይነት፣ ጣዕሙም አንድ ዓይነት ነው፤ ለጤነኛው ውኃ፣ ለታማሚው መድኃኒት። የከተማው ድምፅ ማጉያ ስድስት ሰዓት ሲል ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ አሥር ጠብታ ይውጣል፤ በምግብ ቤት፣ በአውቶቡስ፣ በፍርድ ቤት። ማን ምን እንደሚውጥ የሚያውቀው ጆሮው ብቻ ነው።

ጆሮው በሚቀጥለው ወር ሲመጣ ግራ እጁን በመሐላው ሰሌዳ ላይ ያኖራል። ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ «ነግረኸዋል?» «ነግሮሃል?» ሁለቱንም «የለም» ብሎ መብራቱ ነጭ ከሆነ ጠርሙሱን ይወስዳል። መብራቱ ከቀላ ባለደሙ አውቋል ማለት ነው፤ ላወቀ ሰው ደግሞ መድኃኒት አይሰጥም። ያወቀ ሰው ቢታከምም አይድንም፣ ለሌላው ይትረፍ የሚል ጥናት ቀርቦ ነበር። ጥናቱ እንዲጸድቅ እጃቸውን ካወጡት ሰባት ሰዎች አንዱ አቶ ዘርጋው ናቸው።

የአቶ ዘርጋው ጆሮ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። ወይዘሮ አስካለ በሳንባ ምች ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆነ። ጆሮው የሞተበት ሰው መዝገብ ቤት ቀርቦ የሟቹን ስም በገዛ እጁ እንዲሰርዝና ሌላ እንዲያስመዘግብ ደንቡ ያዝዛል። አቶ ዘርጋው ከአርባው በኋላ እሄዳለሁ አሉ፤ አርባው ሲያልፍ ከሙት ዓመቱ በኋላ አሉ። በዚህ መካከል ግን፣ በወሩ ሃያ አምስተኛ ቀን፣ አንድ ወረቀት በበራቸው ሥር ገባ። «ለወይዘሮ አስካለ ገብረየስ፦ ቀርበው እንዲሰሙ ተጠርተዋል» ይላል። አቶ ዘርጋው ወረቀቱን አጥፈው በመሳቢያ አኖሩት። በሚቀጥለው ወር ሌላ መጣ። በዓለም ላይ ወይዘሮ አስካለን በስም የሚጠራ፣ ይመጣሉም ብሎ የሚጠብቅ ያ መሥሪያ ቤት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ባልየውም በወር አንድ ቀን የሚጠብቁት ነገር አገኙ። መዝገብ ቤት አልሄዱም። ጠርሙስ የሚያመጣላቸው ስለ ሌለም፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰው እንዳይታዘባቸው ከአሮጌ ጠርሙስ የቧንቧ ውኃ ቆጥረው ይውጣሉ። እስከዚያ ጥቅምት ድረስ ሠላሳ ስድስት ጥሪዎች በመሳቢያው ውስጥ ተደርድረዋል።

ሁለተኛ ቱቦ የተቀዳበት ውጤት አርባ ቀን ይጠብቃል። እስከዚያ የሚሰማው ካልመጣ መዝገቡ ይታሸጋል፤ የታሸገ መዝገብ አይከፈትም፤ መድኃኒትም አይወጣበትም። በጊዜ ከተጀመረላቸው ከአሥሩ ዘጠኙ ይድናሉ። ካልተጀመረላቸው ስንቱ እንደሚተርፍ አቶ ዘርጋው በቃላቸው ያውቁታል፤ ቁጥሩም ለመያዝ የሚከብድ አይደለም። ከጣቢያው ወጥተው ከወንዙ ድልድይ ላይ ቆሙና ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ አርባኛው ቀን ኅዳር ሃያ ዘጠኝ ላይ ይውላል። እስከዚያ ድረስ አንድ ሕያው ሰው ጆሮ እንዲሆናቸው መለመን አለባቸው፤ ለምን እንደ ቸኮሉ ግን ለዚያው ሰው ሊናገሩ አይችሉም። ከተናገሩ መብራቱ ይቀላል።

በጥቅምት ሃያ አምስት ሠላሳ ሰባተኛው ጥሪ መጣ። «በአስቸኳይ» የሚል ቃል ተጨምሮበታል። እንደ ወትሮው አላጠፉትም፤ እንደ ተዘረጋ ጠረጴዛው ላይ ተዉት።

መጀመሪያ የሄዱት የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ወደሆኑት ወደ አቶ ተካልኝ ቤት ነበር። አቶ ተካልኝ አቅፈው ሳሟቸው፣ ምሳ ጋበዟቸው፣ ስለ ወገባቸው አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩላቸው። ነገሩ ሲነሣ ግን ሳቅ አሉና አንድ ሰው ጆሮ መሆን የተፈቀደለት ለሦስት ሰው ብቻ መሆኑን፣ የሳቸውም ሦስቱ ቦታ በልጆቻቸው መሙላቱን፣ አራተኛ ጆሮ በግንባራቸው ላይ ቢበቅል ለዘርጋው እንደሚሰጡ ተናገሩ። አቶ ዘርጋውም አብረው ሳቁ። ሐዋሳ ለሚኖረው ለወንድማቸው ልጅ ደወሉ፤ ልጁ በደስታ ተቀበላቸው፤ ነገር ግን ጆሮ መሆን የሚችለው በእግሩ ሄዶ ፀሐይ ሳትወጣ ከጣቢያው የሚደርስ ሰው ብቻ መሆኑን ሁለቱም ያውቁ ነበርና፣ ስለ ዝናቡ ጥቂት ተነጋግረው ተለያዩ። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቋቸው ሁለት አዛውንት «እናስብበት» አሉ፤ ይህን ያሉበት ሁኔታ ደግሞ እንደማያስቡበት ያሳይ ነበር።

በየሕንፃው መግቢያ የነዋሪዎች ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤ ከስሙ ጎን ሦስት ቀዳዳ ይበሳል፤ ጆሮነቱ በተያዘ ቁጥር አንዱ ቀዳዳ በእንጨት ይደፈናል። አቶ ዘርጋው ደም በሰጡ በአሥራ ስምንተኛው ቀን በሰሌዳው ፊት ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ሦስቱም ቀዳዳ ክፍት የሆነለት ስም አንድ ብቻ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ፣ ወይዘሮ ዘይነባ ሙሔ። አቶ ዘርጋው የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስሙን ካነበቡ በኋላ ደረጃውን ሳይወጡ ብዙ ቆሙ።

ወይዘሮ ዘይነባ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የባለቤታቸው የአቶ ይማም ጆሮ ነበሩ። አራት ወር ጠርሙስ አመላልሰው፣ አራት ጊዜ «ንጹሕ ነው» ብለዋል። በአምስተኛው ወር አቶ ይማም ምግብ አልወርድ አላቸውና የሚስታቸውን እጅ ይዘው «በአላህ ይዤሻለሁ» አሏቸው። ወይዘሮ ዘይነባ በአላህ ስም ተይዘው መዋሸት አልቻሉም፤ ነገሯቸው። በማግሥቱ ንጋት በመሐላው ሰሌዳ ላይ እጃቸውን ሲያኖሩ መብራቱ ቀላ። እጄ ስለ ቀዘቀዘ ነው፣ አንድ ጊዜ ይደገምልኝ ብለው ለመኑ። ሰሌዳውን አብሶ አንድ ጊዜ መድገምን ደንቡ ይፈቅዳል። የዕለቱ ተረኛ አልደገመም፤ ጻፈ። ይማም በጥር ሞቱ፤ የወይዘሮ ዘይነባም ጆሮነት ለአሥር ዓመት ታገደ፤ እገዳው የተነሣው አምና ነው። ያ ተረኛ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው ዘርጋው እንግዳሰው ነበር።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ አቶ ዘርጋው ኮታቸውን ለብሰው አንድ ፎቅ ወጡ። በሩ ክፍት ነበር። ወይዘሮ ዘይነባ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው በአጥንት መርፌ የጋቢ ጥለት ይጠግኑ ነበር፤ በወጣትነታቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሸማኔ ነበሩና የሰፈሩ ቀዳዳ ሁሉ ወደሳቸው ይመጣል። ቀና ብለው አይተዋቸው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

«ግባ አልልህም።»

«ቆሜ እናገራለሁ። ይበቃኛል።»

«ተናገራ።»

«ጆሮ እንዲሆኑኝ ልለምንዎ ነው የመጣሁት።»

መርፌው ሁለት ጊዜ ገብቶ ወጣ።

«ሽማግሌ ሳይልክ ጆሮ የሚለምን ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ሚስት እንኳ በሦስት ሽማግሌ ነው።»

«የምልካቸው ሽማግሌዎች አልቀዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ዘይነባ ሊስቁ ቃጥቷቸው ተዉት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ አንድ ቀን እንኳ እንደምን አደርሽ እንዳላሏቸው አነሡ። አቶ ዘርጋው ብለው እንደሚያውቁ፣ ነገር ግን መልስ እንዳላገኙ ተናገሩ። ወይዘሮ ዘይነባ «በልብህ ይሆናላ» አሉ። ከዚያ ጋቢውን ከጉልበታቸው አውርደው አጠፉት፤ እጥፉንም በመዳፋቸው ተጫኑት።

«የይማምን ወረቀት የጻፈው ማነው?»

አቶ ዘርጋው ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት በአእምሯቸው ሲደጋግሙት የኖሩት፣ ደንቡን ከነቁጥሩ የሚጠቅስ ሙሉ መልስ። አፋቸውን ሲከፍቱ አልመጣም።

«እኔ ነኝ።»

«ያኔ ሰሌዳው ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ሰሌዳው መብራት ነው ያበራው። የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

«መድገም ትችል ነበር።»

«እችል ነበር።»

በታች በግቢው ውስጥ ሰው የልብስ ማስጫ ገመድ እየወጠረ ከጎረቤቱ ጋር ይሟገታል፤ አቶ ዘርጋውና ወይዘሮ ዘይነባ ክርክሩን የሚያዳምጡ መሰሉ። ወይዘሮ ዘይነባ በመጨረሻ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ሦስት ዓመት ያለ ጆሮ ስትኖር አልቸኮልህም። አሁን ምን መጣ? ደምህ —»

ቃላቸውን ራሳቸው አቋረጡት። ዓይናቸው በአቶ ዘርጋው ፊት ላይ ቆመ። አቶ ዘርጋው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፣ እዚያ የተሰቀለውን ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አነበቡ። አንድ ቃል፣ አንድ ራስ መነቅነቅ ቢያመልጣቸው ይህች ሴት ለሳቸው ጆሮ ልትሆን አትችልም፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ።

«ይኸ ነው ዝምታ» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «እኔ ይህን ባውቅበት ኖሮ።» ከዚያ ጋቢውን እንደገና ዘረጉ። «አሁን ሂድ።»

እሺም እምቢም አላሉም። አቶ ዘርጋው ሁለተኛ አልወጡም። አንድ ጊዜ ለምነዋል፤ ሁለተኛ መለመን በሳቸው ወግ መለመን ሳይሆን መጎተት ነበር። በየቀኑ ከግድግዳቸው ቀን መቁጠሪያ ላይ ከአርባው አንድ ቀን በእርሳስ ይሰርዙ ጀመር፤ ሃያ አምስተኛው፣ ሃያ ስምንተኛው፣ ሠላሳኛው። ማታ ማታ ከራሳቸው በላይ የወይዘሮ ዘይነባ እግር ከመስኮት ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ መስኮት ሲሄድ ይሰማቸዋል፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ያልሰሙት ድምፅ ነው፤ ወይም ሰምተው ሰው መሆኑን አላስተዋሉትም። በስድስት ሰዓቱ ምልክት ላይ ከምግብ ቤቱ ሰው ጋር አብረው ቆመው አሥር ጠብታ ውኃቸውን ቆጠሩ። ከጎናቸው የቆመ ሰው ጣዕሙ ሰሞኑን መረረኝ ብሎ ቀለደ፤ ማንም አልሳቀም፤ ሰውየውም ቀልዱን መልሶ ዋጠው።

በሠላሳ አራተኛው ቀን በራቸው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ሲከፍቱ ወይዘሮ ዘይነባ ደረጃው ላይ ቆመዋል፤ አንድ እግራቸው ወደ ላይኛው ደረጃ ዞሯል።

«የሚስትህን ስም አልሰረዝህም አሉ።»

«አልሰረዝሁም።»

«በሙት ስም ላይ ስሜ አይጻፍም። ሂድና ሰርዝ። ከዚያ ጻፈኝ።»

መልስ ሳይጠብቁ ወጡ።

መዝገብ ቤቱ ከጣቢያው ጎን ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ጸሓፊው የአቶ ዘርጋውን ገጽ አውጥቶ፣ ብዕር በእጃቸው አስይዞ፣ በስሙ ላይ አንድ መስመር ከዳር እስከ ዳር እንዲያሰምሩ፣ ከጎኑም ምክንያቱን በአንድ ቃል እንዲጽፉ አስረዳቸው። አቶ ዘርጋው ገጹን አዩት። የወይዘሮ አስካለን ስም ሲያስመዘግቡ የጻፉት በገዛ እጃቸው ነበር፤ የዚያን ጊዜ እጃቸው ጠንካራ፣ ፊደሉም ቀጥ ያለ ነበር። ጸሓፊው ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ሰው አለ ብሎ አስታወሳቸው። መስመሩ እንዲጣመም አልፈለጉምና የመታወቂያ ወረቀታቸውን ጠርዝ እንደ ማስመሪያ አስደግፈው ሰረዙ። ከጎኑ «ሞታለች» ብለው ጻፉ። ይህን ቃል በሦስት ዓመት ውስጥ ጽፈውት አያውቁም ነበር፤ ጸሓፊው ከበታቹ የወይዘሮ ዘይነባን ስም አስጽፎ አተመበት። በማግሥቱ፣ በኅዳር ሃያ አምስት፣ በአቶ ዘርጋው በር ሥር ምንም አልገባም። ጥሪው አንድ ፎቅ ወደ ላይ ወጥቷል።

በኅዳር ሃያ ሰባት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የወይዘሮ ዘይነባ እርምጃ በራቸውን አልፎ ወረደ። አቶ ዘርጋው ለብሰው፣ አልጋቸውን አንጥፈው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ ያውቁታል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። ተረኛው ይነሣል፤ ጆሮው ተቀመጥ ይባላል። ስም ይነበባል፤ የእንክርዳዱ ቁጥር ይነገራል፤ ጠርሙሱ ከጠረጴዛው ሥር ይወጣል። ጆሮው ቢያለቅስ ተረኛው እስኪያበቃ ይጠብቃል፤ ለልቅሶ አምስት ደቂቃ ተይዟል። ከዚያ በሩ ተከፍቶ ሰውየው ይወጣል። አቶ ዘርጋው የሚያውቁት እስከዚህ ድረስ ነው። የወጣው ሰው ከበሩ ማዶ ፊቱን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ አንድም ቀን ተከትለው አላዩም።

ወይዘሮ ዘይነባ ከሚገባቸው ጊዜ በአርባ ደቂቃ ዘገዩ። ፀሐይ ከወንዙ ማዶ ወጥታ ከጠረጴዛው እግር ደርሳ ነበር። በሩን አላንኳኩም፤ ገፍተው ገቡ። ነጠላቸው በጤዛ ረጥቧል፤ በወንዙ ዳር ሲዞሩ መቆየታቸው ከጫማቸው ጭቃ ይታወቃል። ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልነበረም። አቶ ዘርጋው ሠላሳ ዓመት ሠራተኛ ሲያሠለጥኑ እንዲህ ያለ ፊት ያወጣላቸው ተማሪ አላገኙም። ወይዘሮ ዘይነባ ጠርሙሷን ከጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ንጹሕ ነው አሉ» አሉ። «አልሐምዱሊላህ።»

«ተመስገን» አሉ አቶ ዘርጋው።

ቃሉ ውሸትነቱን እያወቁ ሲሰሙት ሌላ ነበር። ለሰዎች ያስተማሩት፣ ክርክር ገጥመው በሕግ ያስጻፉት፣ ምሕረት ነው ብለው ያመኑት ቃል ነው። «ተመስገን» ብለው የመለሱለት እነዚያ ሁሉ ሰዎች ምን ያህሉ እንዲህ እንደ ሳቸው እያወቁ እንደ መለሱ፣ ስንቱም ያንን እንደ ያዘ ብቻውን እንደ ሄደ፣ የሚጠየቅ ሰው አልቀረም።

ጆሮ የሆነ ሰው ቃሉን ከተናገረ በኋላ የመቆየት ግዴታ የለበትም። ወይዘሮ ዘይነባ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስለ ውኃው መጥፋት ተናገሩ፤ ረቡዕ ይመጣል መባሉን። የደረጃው መደገፊያ ከሦስተኛው ፎቅ በላይ መላላቱን አነሡ፤ አቶ ዘርጋው የኮሚቴውን ሊቀ መንበር እንደሚያነጋግሩ ቃል ገቡ። ከዚያ ወሬው አለቀ። ሁለቱም ወደ ጠርሙሷ ላለማየት ወደ መስኮቱ አዩ። ከታች አውቶቡስ አለፈ። በክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል፤ በዚህች ከተማ ያንን ነገር አብረዋቸው የሚያውቁት ሰው ቢኖር ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት ሴት ብቻ ናቸው። አቶ ዘርጋው ቁጥሩን ሊጠይቁ አልፈለጉም። የፈለጉት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰው ፊት፣ «ፈርቻለሁ» ማለት ነበር። በሰባ አንድ ዓመታቸው ለአስካለ እንኳ ብለውት የማያውቁት ቃል ነው።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ እኔ እኮ —»

ወይዘሮ ዘይነባ ግራ እጃቸውን አነሡ። መዳፋቸው በአየሩ ላይ ተዘርግቶ ቆመ።

«ወር ሲገባ ይህን እጄን እዚያ ሰሌዳ ላይ አኖራለሁ» አሉ። «ነግሮሻል ወይ ይሉኛል።»

አቶ ዘርጋው ጠርሙሷን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«አንዱን ቀብሬአለሁ። አደራህን አንተ ሰውዬ፣ ምንም አትንገረኝ።» እጃቸውን አውርደው በጉልበታቸው መካከል ደበቁት። «ሌላ ወሬ አውራኝ። እስኪመሽ ጊዜ አለኝ።»

አቶ ዘርጋው ሌላ ወሬ ፈለጉ። ለረጅም ጊዜ ፈለጉ፤ የሚያነሡት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ከዚያው ከአንዱ ነገር ጋር የሚገጥም ሆኖ አገኙት። ቢሆንም ጀመሩ።